ስለ ፒክአፕ መኪና የኋላ መብራት አምፑል አለዋወጥና አመራረጥ

ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ስለ ሆነ፥ ከጣና ዳር ዓሣ ወይም ከፎገራ ሩዝ የጫነ ፒክአፕ ከጉዞው ከፊሉን በጨለማ ሳያደርግ አይቀርም። ከኋላው የሚመጣው ከባድ መኪና በፊቱ ሌላ ተሽከርካሪ መኖሩን የሚረዳው፥ ዋጋቸው ከጭነቱ ጋራ ሊነጻጸር በማይችል በሁለት ትናንሽ አምፑሎች ነው። ይሁን እንጂ በመለዋወጫ ንግድ ውስጥ እንደ አምፑል በግዴለሽነት የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገዢው ብዙውን ጊዜ «የቶዮታ አምፑል» ወይም «የአይሱዙ አምፑል» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለሱቁም እንዲሁ ይሰጠዋል። ይህ አጠራር ግን አይበቃም። መታየት የሚገባው በአምፑሉ ላይ የተጻፈው ነው። 12 ቮልት 21/5 ዋት የሚለው ጽሕፈት በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክሮች መኖራቸውን ያስረዳል፤ ባለ 5 ዋቱ ክር በሌሊት ዘወትር ሲበራ፥ ባለ 21 ዋቱ ፍሬን ሲያዝ ይበራል። ባለ ሁለት ክሩ አምፑል ተገልብጦ እንዳይገባ፥ በብረት ቆቡ ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ጉጦች ከፍታቸው እኩል አይደለም፤ ባለ አንድ ክሩ ግን ለፍሬን የሚያገለግለው እኩል ነው። የብረት ቆብ የሌለው፥ በብርጭቆው እግር ተገፍቶ የሚገባም ዓይነት አለ። እንደዚሁም ፒክአፕ የሚሠራው በ12 ቮልት ሲሆን፥ ከባድ የጭነት መኪናዎች አብዛኛዎቹ በ24 ቮልት ይሠራሉ። ባለ 12ቱ በ24 ቮልት ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል፤ ባለ 24ቱ በ12 ላይ ቢገባ ደግሞ ደብዝዞ ይበራል። ሁለተኛው ስሕተት ቶሎ ስለማይታወቅ የባሰ አደገኛ ነው።

መብራቱ በጠፋ ጊዜ ሁልጊዜ አምፑሉን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ሽፋኑ በካቻቪቴ ተፈትቶ፥ አምፑሉ ጥቂት ወደ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል። ክሩ ተበጥሶ ወይም ብርጭቆው ጠቁሮ ቢገኝ አምፑሉ ይለወጥ። ክሩ ደኅና ከሆነ ግን ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በመያዣው ወይም መካኒኮች ማሳ በሚሉት ሽቦ ላይ ነው። ፍሬን ሲረገጥ የሌሊቱ መብራት የሚደበዝዝ፥ ወይም ፍሬቻው አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው የማሳ መላላት መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ክረምት በተሰነጠቀ ሽፋን የገባው እርጥበት በመያዣው መዳብ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ይህንኑ በብርጭቆ ወረቀት መጥረግና የሽፋኑን ጎማ መለወጥ ያስፈልጋል። ለአንድ መያዣ በአንድ ወር ሦስት አምፑል የሸጠ ባለሱቅ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ ደንበኛውን ሊያጣ ተቃርቧል።

የበለጠ ብርሃን ለማግኘት ሲሉ ዋቱ ከፍ ያለ አምፑል የሚያስገቡ አሉ፤ ይህ ሙቀቱ ሽፋኑን ስለሚያቀልጥና ሽቦውን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይመከርም። ኤልኢዲ የተባለው አምፑል ግን ጥቂት ዋት ብቻ ይፈጃል፤ ደግሞም ወዲያው ይበራል። ክር ያለው አምፑል ግሎ ሙሉ ብርሃን እስኪሰጥ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈልጋል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ተከታይ መኪና በዚያ ጊዜ ከ4 ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም ከቀይ ሽፋን ኋላ የሚገባው ኤልኢዲ ራሱ ቀይ ቢሆን ይመረጣል፤ የነጩን ብርሃን አብዛኛውን ክፍል ሽፋኑ ያስቀረዋልና። በሌሊቱና በፍሬኑ መብራት መካከል ያለው ልዩነት ከሩቅ የማይለይበት ዕቃ ግን ርካሽ ቢሆንም አይገዛ። በፍሬቻ ላይ ሲገጠም፥ የሚወስደው ኀይል ጥቂት ስለ ሆነ፥ የቆየው ፍላሸር አምፑል የተቃጠለ መስሎት ፈጥኖ ይርገበገባል፤ መድኃኒቱ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ማስገባት ነው። በዚህ ፈንታ ሬዚስተር የሚቀጥሉ ሰዎች በጣም የሚግል መሆኑን አውቀው ከፕላስቲክ አርቀው በብረት ላይ ይሰሩት።

አስመጪውም በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ቮልቱን፥ ዋቱን፥ የቆቡን ዓይነትና ቀለሙን ለይቶ ይጻፍ። በ1958 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት የተፈቀደ ባለ ክር አምፑል፥ ኢ የሚል የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋራ ይታተምበታል፤ ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል። ዕቃው ሲደርስ ከየካርቶኑ ጥቂት አውጥቶ ሁለቱንም ክሮች በባትሪ ላይ መሞከር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ባለሱቁም እንዲሁ ገንዘቡን ከመቀበሉ አስቀድሞ አምፑሉን በገዢው ፊት ቢያበራ፥ «ተቃጥሎ ነው የሸጥህልኝ» የሚለው ክርክር አይነሣም።