ፕሮጀክተር የተሸከሙ ሽማግሌዎች

ካርቱምን በዘፋኙ መሐመድ ወርዲ ድምፅ የማያውቃት ሐበሻ ጥቂት ነው፤ ፊልሟን ያየ ግን ፈልገህም አታገኝ። በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እንቁጠር) ነገሩ ተለወጠ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ሦስት የሱዳን ፊልሞች በአውሮፓ ትልልቅ ፌስቲቫሎች ታዩ።

ቀዳሚው የሱሃይብ ጋስም አልባሪ ዘጋቢ ፊልም «ስለ ዛፎች ማውራት» ነው። ባለታሪኮቹ አራት በዕድሜ የገፉ የፊልም ሰዎች ናቸው፦ ኢብራሂም ሸዳድ፣ ሱሌይማን መሐመድ ኢብራሂም፣ አልጠይብ መህዲና መናር አልሂሎ። ሸዳድ ምሥራቅ ጀርመን፣ ሱሌይማን ሞስኮ ነው የተማሩት። የፊልም ማኅበራቸውን በ1989 አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ጁን 30 ኦማር አልበሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ማኅበሩ ታገደ፣ ሲኒማ ቤቶቹም ውለው አድረው ተዘጉ።

ፊልሙ አራቱ ሰዎች ኦምዱርማን ያለውን አንድ ጣሪያ የለሽ ሲኒማ ዳግም ለመክፈት ሲደክሙ ይከተላቸዋል። የሲኒማው ስም «ሰውራ» ነው፤ አብዮት ማለት። (ደራሲ ቢፈጥረው አጋነነ በተባለ ነበር።) የሰፈሩን ሰው ምን ማየት እንደሚፈልግ ይጠይቃሉ፤ የተመረጠው የታራንቲኖ «ጃንጎ አንቼይንድ» ሆነ። መብራት ይጠፋል፣ ከመስጊዶቹ አዛኑ ይሰማል፣ ፈቃዱ ግን አይመጣም። እነሱ ይቀልዳሉ፤ ፊልሙን ከሙሾ ያዳነው ይኸው ቀልዳቸው ነው። በፌብሩዋሪ በርሊን ላይ የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማት አገኘ። አልበሽር ከሥልጣን የወረዱት ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 11 ነው።

እዚያው በርሊን የማርዋ ዜን «ኦፍሳይድ ካርቱም» ታየ፤ እግር ኳስ ለመጫወት ስለሚታገሉ የካርቱም ሴቶች ነው።

ሦስተኛው ልብ ወለድ ነው፦ የአምጃድ አቡ አላላ «በሃያ ዓመትህ ትሞታለህ»፣ ከሐሙር ዚያዳ አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ። በገዚራ አንድ መንደር ውስጥ ሙዘሚል የሚባል ሕፃን ሃያ ዓመት ሲሞላው እንደሚሞት ይነገርበታል፤ እናቱ ሳኪና ቀኖቹን በግድግዳ ላይ በጭረት ትቆጥራለች። ልጁን ከሞት ፍርሃት የሚያላቅቀው ዓለም ዞሮ የተመለሰ፣ በቤቱ ፕሮጀክተር ያለው አንድ ጎረምሳነቱ ያለፈ ሰው ነው፤ የእሱም ስም ሱሌይማን። ፊልሙ ቬኒስ ላይ ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት አሸነፈ፤ ኋላም ሱዳን ለኦስካር ያቀረበችው የመጀመሪያው ፊልም ሆነ።

አቡ አላላ ቀጥሎ የመሐመድ ኮርዶፋኒን «ጉድባይ ጁሊያ» ፕሮዲውስ አደረገ። ፊልሙ በሜይ 2023 ካን ላይ ሲታይ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተጀመረ አንድ ወር አልፎት ነበር።