ጢሱ ከተበተነ በኋላ

ሮኬት ሲተኮስ የብዙው ሰው ዓይን የሚያርፈው በእሳቱና በጢሱ ላይ ነው፤ ዋናው ጭንቅ ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያዋ የንግድ መገናኛ ሳተላይት «ኧርሊ በርድ» በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከፍሎሪዳ ስትተኮስ፣ ሮኬቱ ያደረሳት እስከ ሞላላው መንገድ ብቻ ነበር። የራሷን ሞተር አቀጣጥላ 35,800 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መንገዷን ክብ ማድረግ ነበረባት። በዚያ ከፍታ ሳተላይቷ ምድርን የምትዞርበት ጊዜ ምድር በዛቢያዋ ከምትዞርበት ጋር እኩል ስለሚሆን፣ ከታች ለሚያያት የቆመች ትመስላለች።

ከሁለት ዓመት በፊት «ሲንኮም 1» በዚሁ ሰዓት ድምፅዋ ጠፍቶ ቀርታለች። ኧርሊ በርድ ግን ቀናትና 240 የቴሌፎን መስመሮችን ከአትላንቲክ ማዶ ለማዶ አገናኘች።

እንግዲህ ጓደኞች፣ ዛሬም ጢሱ ሲበተን «ተሳካ» ለማለት አትቸኩሉ፤ «ስፍራዋን ያዘች» እስኪባል ጠብቁ።