ስለ አደን ጠበንጃ ምላጭ አመራረጥ

ምላጭ ማለት ተኳሹ ጣቱን አሳርፎ የሚስበው ትንሽ ብረት ነው። ብረቱ ትንሽ ቢሆንም የሰው ሕይወት በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፣ በሕግ ፈቃድ ጠበንጃ የያዙም ሆኑ በፈቃድ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ጠባዩን ዐውቀው ሊመርጡት ይገባል።

ብዙ ገዢ በቀላሉ የሚሳበውን ምላጭ ይመርጣል። ይህ ምርጫ የሚስማማው ለዒላማ ውድድር ነው። አዳኝ ግን ዳገት ወጥቶ ልቡ እየመታ፣ ጣቱም በብርድ ደንዝዞ ስለሚተኩስ፣ እጅግ የላላ ምላጭ ሳያስበው ያመልጠዋል። ለአደን ከ1.4 እስከ 2 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል የሚሳብ ምላጭ ይስማማል። ጥይት አለመኖሩን በሚገባ ካረጋገጡ በኋላ፣ ባለ ሞላ ሚዛን በምላጩ ላይ አንጠልጥሎ በመሳብ መለካት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የሞዘር ጠበንጃ ምላጭ በሁለት ደረጃ የሚሳብ ነው። በመጀመሪያ በልቅነት ጥቂት ይሳባል፤ ቀጥሎም ጠንከር ይላል፤ ኃይል ሲጨመርበት ይተኩሳል። ልቅነቱ የአሠራሩ ጠባይ ሲሆን፣ ብልሽት መስሏቸው ለቀጥቃጭ ሰጥተው የሚያስሞርዱ ሰዎች ግን ይሳሳታሉ። የመቺውን መርፌ አግቶ የሚይዘው ጥርስ ብዙውን ጊዜ የሚጠነክረው በላዩ ስለ ሆነ፣ ሞረድ ያን ካነሣው ጥርሱ ቶሎ ያልቃል፤ ጠበንጃውም ሲወድቅ በራሱ ሊተኩስ ይችላል።

የፋብሪካ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካው ሬሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለ ምላጭ ያላቸውን ጠበንጃዎች ሳይሳቡ ሊተኩሱ ይችላሉ ብሎ ለጥገና መልሶ ሰብስቧል። ስለዚህ አስመጪ ከማዘዙ አስቀድሞ ፋብሪካው ያወጣቸውን የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያዎች ይመርምር።

ጥይት የሌለበትን ጠበንጃ አቀባብሎ፣ መጠበቂያውን ዘግቶ ምላጩን መሳብና መልቀቅ፣ ከዚያም መጠበቂያውን መክፈት ጥሩ መፈተኛ ነው። መርፌው በዚህ ጊዜ ቢመታ ጠበንጃው አይገዛም።

በጌዴኦ ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ቡናውና እንሰቱ ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የበቀለ፣ ሕዝቡም ተጠጋግቶ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ባርቆ የሚተኮስ ጥይት ሰው እንዳያገኝ እጅግ ያሠጋል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማስመጣትም፣ መነገድም፣ መያዝም የተከለከለ ነው፤ አደንም የራሱ ፈቃድ አለው። በንግድ የጠፋ ገንዘብ በንግድ ይመለሳል፤ በላላ ምላጭ የጠፋች ነፍስ ግን አትመለስም።