ለጊዜው በተከራዩት ቤት የትናንት ዕቃ፦ በዳህራን፣ በደማምና በኾበር ቤትን በቀድሞ ዘመን ዘይቤ ስለ ማስዋብ

ከአገሩ ርቆ በሚኖር ሰው ቤት ውስጥ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «ለጊዜው» የሚል። ፍራሹ ለጊዜው መሬት ላይ ተነጥፏል፤ መጋረጃው ለጊዜው አንሶላ ነው፤ ግድግዳው ለጊዜው ባዶ ነው። አምስትና ስድስት ዓመት ካለፈም በኋላ ቃሉ አይለወጥም። በዚህ መካከል ግን ልጆች ተወልደው ያድጋሉ። ለእነርሱ ያ ቤት የልጅነት ቤታቸው እንጂ ለጊዜው የተያዘ ማረፊያ አይደለም።

ቤትን በቀድሞ ዘመን ዕቃ ማስዋብ የባለጠጎች ቅንጦት መስሎ ይታይ ይሆናል። በሳዑዲ ዓረቢያ የምሥራቅ ግዛት ለሚኖር ቤተሰብ ግን ለዚህ የ«ለጊዜው» ኑሮ ጥሩ መልስ ሊሆን ይችላል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በገዛ እጅ የሚሠራ ነው፤ ዕቃውም ወደ አገር ሲመለሱ የሚሸጥ ወይም አብሮ የሚሄድ ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን መለየት ይገባል። «ቪንቴጅ» የሚባለው በእርግጥ በቀድሞ ዘመን የተሠራና ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ቃሉ መነሻው የወይን መከር ሲሆን፣ ወይኑ የተጠመቀበትን ዓመት ያመለክት ነበር። «ሬትሮ» ደግሞ የቀድሞውን መልክ ይዞ ዛሬ የተሠራውን አዲስ ዕቃ የሚመለከት ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ በተለምዶ «አንቲክ» ይባላል፤ በዐረብኛም «አንቲካ» ይሉታል። ልዩነቱን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። ትናንት ከፋብሪካ ለወጣ የሬትሮ ሬዲዮ የአንቲካ ዋጋ መክፈል የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነውና።

ይህ አካባቢ ለቀድሞ ዕቃ ፈላጊ ምቹ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ዳህራን ላይ የደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ከሰጠ በኋላ፣ በበረሃው ላይ የአሜሪካን አሠራር የተከተለ የሠራተኞች መንደር ተስፋፋ። ከሠራተኞቹ ቤተሰቦች ጋር የዘመኑ የቤት ዕቃ አብሮ መጣ። ከ1951 ጀምሮ ኩባንያው ለሳዑዲ ሠራተኞቹ የቤት ባለቤትነት መርሐ ግብር በመዘርጋቱ፣ በደማምና በኾበር አዳዲስ የቤተሰብ ቤቶች ተሠሩ። በ1957 ደግሞ ከዳህራን የአራምኮ ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ፤ ይህም የመንግሥቱ ቴሌቪዥን በ1965 ከመጀመሩ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ በአካባቢው አሮጌ ዕቃ መካከል ቀጫጭን እግር ያለው የእንጨት ወንበርና የሣጥን ቅርጽ ያለው ቴሌቪዥን ከባሕረ ሰላጤው የነሐስ ቡና ማፍያ አጠገብ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

የመፈለጊያው ቦታ አንድ ብቻ አይደለም። በደማም ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ «ሐራጅ» ይባላል። ይህ ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአማርኛም የጨረታ ሽያጭ ስም ሆኖ በሕግ መጻሕፍታችን ሳይቀር ይኖራል። በቀጢፍ የኀሙስ ገበያ፣ በሁፉፍ ደግሞ ከ2001ው ቃጠሎ በኋላ እንደገና የታነጸው የቀይሰሪያ ገበያ አለ። ወደ ሁፉፍ ከደማም በባቡር መሄድ ይቻላል፤ ሐዲዱም ራሱ በ1951 የተመረቀ የዘመኑ ቅርስ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሥራ ውላቸውን ጨርሰው የሚሄዱ ቤተሰቦች ዕቃቸውን በርካሽ ይለቃሉ። በአዲስ አበባ የቆራሌውን ጥሪ እየሰማ ያደገ፣ ወይም በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ነገር አዲስ ሥራ ሲያገኝ ያየ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ግዢ ዓይኑ የሠለጠነ ነው።

ዕቃው ከተገኘ በኋላ ዋናው ጥያቄ አደራደሩ ነው። አሮጌ ነገር ሁሉ በአንድ ክፍል ከተከማቸ ቤቱ መጋዘን ይመስላል። የሚመከረው አንድ ዋና ዕቃ መርጦ ሌላውን ለእርሱ ማስገዛት ነው። ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው «ሰንዱቅ ሙበየት» የሚባለው፣ በነሐስ ምስማር ያጌጠው የሙሽራ ሣጥን ከተገኘ፣ የሳሎኑ ጠረጴዛም የብርድ ልብስ ማስቀመጫም ይሆናል። በዙሪያው ያለው ግድግዳ በአንድ ቀለም ይቀባ፤ በላዩ ከሁለትና ከሦስት ነገር በላይ አይቀመጥበት።

ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ከሁለቱም አገር አለን። በሐረር ጁገል ያለው ባህላዊ የሐረሪ ቤት የተለያየ ከፍታ ባላቸው መደቦች የተከፈለ ነው፤ ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ በሥርዓት ይሰቀላል። ጌጡ ራሱ የቤቱ መገልገያ ነው። በአል አሕሳና በቀጢፍ አሮጌ ቤቶችም በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ፣ «ረውዘና» የሚባሉ መደርደሪያዎች አሉ። ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ውበት ያለው ዕቃ ከተሠራበት ሥራ አይለይም። ስለዚህ ከአገር የመጣውን ሞሰብ ከመስታወት ጀርባ ከመቆለፍ በበዓል ቀን እንጀራ ማቅረብ ይሻላል። ረከቦቱን ከዓረቡ ደላ አጠገብ ማድረግም ባዕድ ነገር አይደለም። እኛ «ፍንጃል» የምንለውን የባሕረ ሰላጤው ሰውም ፍንጃል ይለዋል፤ «ሲኒ» ያልነውም ከዐረብኛው የቻይና ሸክላ ስም የመጣ ነው።

በአሠሪ ቤት አንዲት ክፍል ብቻ ያላቸው እኅቶችም ከዚህ ውጪ አይደሉም። አንዲት አሮጌ የእንጨት በርጩማ፣ በላይዋ ከእናት የተላከ ሙዳይ፣ ከበስተጀርባ የቤተሰብ ፎቶግራፍ በአሮጌ ክፈፍ ቢሆን፣ ክፍሏ የባለቤቷን ስም ትይዛለች።

ይሁን እንጂ አሮጌ ዕቃ ጥንቃቄ ይሻል። የሚከተሉትን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ሬዲዮ ወይም መብራት ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ ቤቶችም ለረጅም ዘመን 127 ቮልት ይጠቀሙ ነበር፤ በ2010 በተሰጠ ውሳኔ ግን ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት እየተሸጋገሩ ነው። ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ የተሰካ አሮጌ ዕቃ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ሽቦውን ባለሙያ ሳያየው አይሰካ።

ሁለተኛ፣ ትኋን። ያገለገለ ሶፋና ፍራሽ በስፌቱ ውስጥ ትኋን ይዞ ሊገባ ይችላል። ከመግዛት በፊት ስፌቱንና የሥሩን እንጨት በባትሪ መብራት መመርመር ይገባል። ፍራሽ ከሆነ ባይገዛ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ቀለም። በአሜሪካ እርሳስ የተቀላቀለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ የሕፃን አልጋ ወይም ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ አቧራው ለልጆች መርዝ ነው። ቀለሙ እየተላጠ ያለ ዕቃ ሕፃን ባለበት ቤት አይግባ።

አራተኛ፣ ነሐስና መዳብ። በአሮጌ ደላ ውስጥ ያለው የቆርቆሮ ልባጥ ከተፋቀ ቡና አይፈላበትም፤ እንደገና እስኪለበጥ ድረስ ለጌጥ ብቻ ይቀመጥ።

አምስተኛ፣ አየሩ። የባሕሩ ዳርቻ እርጥበት እንጨትን ያሳብጣል፤ ኤሲ ደግሞ ያደርቀዋል። በሁለቱ መካከል እንጨት ይሰነጠቃል። አሮጌ ሣጥን ከኤሲው ንፋስ ፊት አይቀመጥ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ሕግን ይመለከታል። ያገለገለ ዕቃ ሌላ ነው፤ ቅርስ ሌላ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የቅርስ ጉዳይ በ2020 የተቋቋመው የቅርስ ኮሚሽን ሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት ያስቀጣል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት መስቀል ወይም ከመቃብር የወጣ ዕቃ «ለሳሎን ጌጥ» ተብሎ ሲቀርብ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ግዴታ ነው። ለአንዱ ግድግዳ ጌጥ የሆነው ለሌላው ደብር ወይም መንደር የጎደለ ንብረት ሊሆን ይችላልና። ሻጩ መልስ ከሌለው አለመግዛት ነው።

በመጨረሻም አንድ ቀላል ልማድ እንጠቁም። የተገዛው ዕቃ ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበት፤ የተገዛበት ቀን፣ ቦታውና የሸጠው ሰው የነገረው ታሪክ በአማርኛ ይጻፍበት። «ከደማም ሐራጅ፣ በረመዳን ዋዜማ፣ ልጃችን ሦስት ዓመት ሲሞላው» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ሣጥኑ ከእኛ በፊት የሌላ ቤተሰብ ነበር፤ ከእኛ በኋላም ወደ ሌላ እጅ ይሄድ ይሆናል። በእኛ ቤት የቆየበት ዘመን ግን በጽሑፍ ይቀራል፤ ልጁም አድጎ ሲያነበው ቤት እንደ ነበረው ያውቃል።