ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲገዛ ከዋጋው በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ መግቢያ በር ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት የእነዚህ አካባቢዎች ነዋሪዎች ምርታቸውን ለገበያ ለማቅረብም ሆነ ቤተሰብ ይዘው ለመንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ያስፈልጋቸዋል። አዲሱ ከአቅም በላይ ሲሆን የብዙዎች ምርጫ ያገለገለው ነው።

ይሁንና ያገለገለ መኪናም ርካሽ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ የኤክሳይዝ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በመሆኑም ገዢዎች ቀድሞ በገቡት መኪኖች ላይ ይሻማሉ፤ ጥድፊያው ደግሞ ለስህተት ይዳርጋል።

የመጀመሪያው ምርመራ የሰነድ ነው። በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተሽከርካሪው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። የሻጩ ማንነት፣ የዓመታዊ ምርመራው ቦሎ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን፣ እንዲሁም የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩ መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህ ሳይጣራ ቀብድ መክፈል አይመከርም።

ሁለተኛው የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 ደግሞ የንግድ ነው። በግል ሰሌዳ በክፍያ ሰው ወይም ጭነት ማመላለስ ለቅጣት ይዳርጋል፤ አደጋ ሲደርስም ከመድን ድርጅት ጋር ሊያከራክር ይችላል።

ሦስተኛው የሞተሩ አቅም ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በሜዳ ጥሩ የሚመስል አሮጌ መኪና ጭነት ይዞ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ሊደክም፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ሊፈተን ይችላል። ሙከራው በዳገትና በቁልቁለት ቢሆን ይመረጣል።

ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ ቢነሣ የተደበቀ ጉድለት ይታያል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል። ምርመራውን ሻጩ ወይም ደላላው ባመጣው ሳይሆን ገዢው ራሱ በመረጠው መካኒክ ማስደረግ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው ስም ማዞር ነው። ወጪ ለመቀነስ ሲባል በውክልና ብቻ መኪና ይዘው የሚነዱ ገዢዎች አሉ። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም፤ ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ በመርሕ ደረጃም ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ያን ጊዜ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከወራሾች ጋር ክርክር ሊገጥመው ይችላል። ሻጩም ቢሆን መኪናው በስሙ እስካለ ድረስ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂ ከመሆን አያመልጥም። ስለሆነም ውሉን ሰነድ በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ፈርሞ ስሙን ወዲያው ማዛወር ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው። ለዓመታት በሬ አደልቦ፣ እህል ሸጦ ወይም ዕቁብ ጥሎ ገንዘብ ላጠራቀመ ቤተሰብ፣ ለምርመራ የሚውሉት ጥቂት ቀናት ከኪሳራ የሚያድኑ ናቸው።