ቀሚሱን ለማን እናልብስ?

የትምህርት ዘመን መዝጊያ ሲደርስ በየትምህርት ቤቱ ቴያትር ይዘጋጃል። «የእናቲቱን ቦታ ማን ይጫወት?» ሲባል አንዱ ቀጭን ልጅ ሻሽ ያስሩለትና አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። መሳቁስ ይሁን። ግን ልጃገረዶቹ የት ሄዱ? የአርቲስት አስናቀች ወርቁ የወጣትነት ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአገራችን ቴያትር ካደገባቸው ቤቶች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። እነ ዮፍታሔ ንጉሤ መምህራን ሆነው ተውኔት እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን ያጫውቱ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ መድረኩ እየሰፋ ሄደ። ዳሩ ግን የሴትን ቦታ ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በሰው ፊት የሚዘፍንና የሚጫወት «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ነበርና፣ ለሴት ሲሆን ስድቡ እጥፍ ነው። ታዲያ ልጁን መርቆ ወደ መድረክ የሚሰድ ወላጅ ከየት ይምጣ?

አስናቀች አዲስ አበባ ተወልዳ እናቷን በልጅነቷ ያጣች ናት። ክራሩንም ራሷ እየነካካች ነው የለመደችው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት ገና በወጣትነቷ መድረክ ላይ ወጣች። ብዙዎች የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ የሚሏትም ስለዚሁ ነው። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ፤ እሷም እዚያ ገብታ በትወናም በክራርም ሠራች። ኋላም ዜማዎቿ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ ኅትመት 16ኛው ቅጽ ሆነው ለዓለም ተሰሙ። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፈች።

የእሷ መውጣት ምን ለወጠ? ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲያለቅስ ተመልካች ይስቃል፤ ኀዘኑ ቀልድ ይሆናል። ሴቲቱ ራሷ ስትጫወት ግን ተመልካቹ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ደራሲውም ለሴት ቁም ነገር ያለው ቃል ለመጻፍ ይደፍራል።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። ነገ ከመካከላችን አንዱ ጓሳ ግርጌ ካለ ትምህርት ቤት ይመደብ ይሆናል። እዚያ አዳራሽ የለም ብሎ መተው አይገባም። አግዳሚ ወንበር ገጥሞ መድረክ፣ የመንዝ ባና ሰቅሎ መጋረጃ ማድረግ ይቻላል። ከባዱ ሥራ ሌላ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ከልጅቷ ቤት ይሂድ፤ እናትና አባቷን አክብሮ ተውኔቱን ይንገራቸው፣ ፈቃዳቸውንም ይጠይቅ። ልምምዱን ሳይመሽ ይጨርስ፤ ውኃ መቅዳትና ከብት ማስገባት ይጠብቃታልና። የምትናገረውም ቃል የማያሳፍራት ይሁን። በመዝጊያው ዕለት ወላጆቿን ከፊት ያስቀምጥ።

ያን ጊዜ ሻሹን ለወንድ ልጅ ማሰር አያስፈልግም።