የበር እጀታና የቧንቧ መክፈቻ በጤና ተቋማት ንጽሕና ውስጥ

በጤና ተቋማት ውስጥ ስለሚተላለፉ ኢንፌክሽኖች ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ጓንት፣ ሳሙናና አልኮል ናቸው። ስለ በሩ እጀታና ስለ ቧንቧው መክፈቻ የሚናገር ግን ጥቂት ነው፤ ምርጫው ለግንበኛው ወይም ለግዥ ክፍሉ ይተዋል። ሐኪሙም፣ አስታማሚውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም በየሰዓቱ የሚነኩት ግን እነዚህኑ ዕቃዎች ነው።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ ማክሰኝት ባለች ከተማ፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ የአንዲት አዋላጅ ነርስን እጅ በሐሳብ እንከተል። ወላዷን መርምራ ጓንቷን ካወለቀች በኋላ ልትታጠብ ቧንቧውን ትከፍታለች። መክፈቻው በጣት የሚጠመዘዝ ከሆነ በእጇ ላይ የነበረው ተሕዋስ እዚያው ያርፋል፤ ታጥባ ስትዘጋው ያንኑ መልሳ ትወስዳለች። ቀጥሎ የምትነካው የሚወለደውን ሕፃን ሊሆን ይችላል። በክርን የሚገፋ ረጅም መክፈቻ ይህን ዑደት ይቆርጠዋል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየቤታችን ታናሽ ለታላቅ በኩስኩስት ውሃ ሲያፈስ ታጣቢው ከውሃና ከሳሙና በቀር የሚነካው ነገር የለም። ኮቪድ 19 ወደ አገራችን በገባበት በ2012 ዓ.ም. በየተቋሙ በር የተተከሉት በእግር የሚረገጡ መታጠቢያዎችም መሠረታቸው ይኸው ነበር።

የተሠሩበት ቁስም ለውጥ ያመጣል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ ገጽ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ፊሊስ ኩን የተባሉ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ባደረጉት ምርመራ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ የሆስፒታል በር እጀታዎች ብዙ ባክቴሪያ ሲገኝባቸው ከነሐስ በተሠሩት ላይ የታየው ጥቂት ነበር። ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን፣ ከገጹ የሚለቀቁት የመዳብ አዮኖች የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳሉ። የሚያስገርመው ሆስፒታሎች ነሐሱን እየነቀሉ የሚያብረቀርቀውን ብረት የሚተኩት ንጹሕ ስለሚመስል መሆኑ ነው! ይሁን እንጂ ነሐስ ቫርኒሽ ከተቀባ ጥቅሙ ይቀራል፤ ሳይቀባም ቢሆን የዕለት ጽዳትን አይተካም።

እጅ የማይነካው ሁሉ የተሻለ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች እጅን ለይተው በራሳቸው የሚከፈቱ የኤሌክትሮኒክ ቧንቧዎችን መረመሩ። ከእነዚህ ከተወሰደው የውሃ ናሙና 50 በመቶው ሊጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሲገኝበት፣ በእጅ ከሚከፈቱት ናሙና የተገኘበት 15 በመቶው ብቻ ነበር። በውስጣቸው ያሉት ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ለባክቴሪያ መጠለያ ስለሚሆኑ ሆስፒታሉ ወደ ቀላሉ ቧንቧ ተመለሰ። መብራትና ውሃ በሚቆራረጥበት አካባቢ ባትሪና መለዋወጫ የሚፈልግ ቧንቧ መግዛት፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

የውሃው መቆራረጥ ራሱ ሌላ ችግር ያስከትላል። ውሃ ሲጠፋ ሠራተኞች በርሜልና ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ይጠቀማሉ። የባልዲው ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ትንሽና በጣት የሚጠመዘዝ በመሆኑ ቀደም ሲል የተባለው ዑደት ይመለሳል፤ በዚያ ላይ ክዳኑ የማይገጥም፣ ውስጡም ለመፈግፈግ የማይመች ከሆነ የተጠራቀመው ውሃ ይበከላል። ባልዲ ሲመረጥ አፉ እጅ አስገብቶ ለማጠብ የሚበቃ፣ ቧንቧውም በክርን ወይም በእጅ ጀርባ የሚገፋ ቢሆን ዋጋው ብዙም አይለይም። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃም በቀጥታ በፍሳሽ መውረጃው ቀዳዳ ላይ ማረፍ የለበትም፤ በቀዳዳው ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ከፍንጣሪው ጋር ተመልሰው ይወጣሉና።

በሩን በሚመለከት ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው ማስተካከያ በማጠፊያው ላይ ነው። የመጸዳጃ ቤት በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ እጁን የታጠበ ሰው ለመውጣት እጀታውን መሳብ ግድ ይሆንበታል። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ግን፣ ኮሪደሩ የሚፈቅድ እስከሆነ ድረስ፣ በትከሻው ገፍቶ ይወጣል።